ኪኑዮ ሱሺ ቤት የገባች ዕለት

ኪኑዮ ሳቋ አይያዝላትም። ይሄ በሂሚ ወደብ ሰፈር ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። በሠርጓ ዕለት ካህኑ ለጸሎት ጎንበስ ሲሉ ረጅሙ ቆባቸው ተንሸራቶ አንድ ዓይናቸውን ሸፈነባቸው። ሙሽራይቱ በነጩ ልብሷ ውስጥ መንፈቅፈቅ ጀመረች። እንባዋ የተቀባችውን ነጭ ዱቄት እያጠበ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች። አማቷ ወደ እህታቸው ጠጋ ብለው፣ "ይቺ ልጅ ሦስት ዓመት አትቆይም" አሉ። ይኸው አርባ ስምንት ዓመት ቆየች።

ባሏ ኢዋዞ ዓሣ አስጋሪ ነው። አባቱም አያቱም ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ። ከስምንት ሰዎች ጋር ሆኖ ባህሩ ላይ የተተከለውን ትልቁን መረብ ሲጎትት ነው ዕድሜው ያለፈው። እሷም ብትሆን ሥራ ፈትታ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት በወደቡ ገበያ ዓሣ ስታርድና ስትለይ ሠርታለች። የዓሣውን ዓይን አንዴ አይታ "ይሄ የዛሬ ነው፣ ይሄ የትናንት ነው፣ ይሄን ደግሞ ለድመት ስጡት" ትላለች፤ ተሳስታ አታውቅም። ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ ድራለች። በቤታቸው ቁርስ ዓሣ፣ ምሳ ዓሣ፣ እራትም ዓሣ ነው። በበዓል ቀን ደግሞ ትልቅ ዓሣ።

ኢዋዞ የሚጠላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ ሳልመን ነው። "ከእኛ ባህር ያልወጣ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ ዓሣ ቤቴ አይገባም" ይላል። ሌላው ደግሞ ሱሺ፣ ያ ሩዝ ላይ የሚጋደመው ጥሬ ዓሣ፣ ሳህን ላይ ተቀምጦ በጎማ ቀበቶ እየዞረ ሲቀርብ ነው።

"ዓሣ የሚዞረው ባህር ውስጥ ነው! ጎማ ላይ የሚዞረው ለከተሜ ነው። የእኔ ሚስት እዚያ ገብታ ዓሣ ስትበላ ሰው ከሚያይብኝ መረቤን በጥርሴ ብቀደው ይሻለኛል" ይል ነበር።

ስለዚህ ኪኑዮ በሰባ አንድ ዓመቷ እንዲህ ያለ ቤት ገብታ አታውቅም። የአገሩ የአምስት ዓመት ሕፃን ሁሉ ገብቷል፤ እሷ አልገባችም። ሴት ልጆቿ ሲመጡ እንኳ "አባታችሁ ይቀየማል" እያለች ትቀር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጥርስ ነው። የታችኛው መንጋጋዋ ጥርሶች አንድ ባንድ ሲሰናበቷት፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት የምታስኬደው ታካኦካ ከተማ ሄዳ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስገባት ተስማማች። አምስት ሐሙስ ተመላለሰች። በአምስተኛው ሐሙስ ሐኪሙ ጥርሷን ገጠመላትና "በሉ፣ ለስላሳ ለስላሳውን እየበሉ ይለማመዱት" ብሎ ሸኛት።

ያን ቀን አብራት የሄደችው ጓደኛዋ ቶሜኮ ነበረች። ቶሜኮ ባሏ የሞተባት፣ አርባ ዓመት የወደቡን ወንዶች ፀጉር ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ወንድ ፀጉሩን ሲቆረጥ ምላሱም ስለሚፈታ የሰፈሩን ምሥጢር ሁሉ ይዛለች፤ የያዘችውን ደግሞ ብዙ ጊዜ አትይዘውም።

"እና ይሄን ጥርስ በምን ልታስመርቂው ነው?" አለቻት ከክሊኒኩ እንደወጡ።

"ቤት ገብቼ ሾርባ እጠጣለሁ።"

"ሾርባ! ሾርባ በድድሽም ትጠጪው ነበር እኮ። ሐኪሙ ለስላሳ አይደል ያለሽ? ሱሺ ለስላሳ ነው። ያውልሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚዞረው አለ።"

"አንቺ! ኢዋዞ ቢሰማስ?"

"ኢዋዞ የት አለና ነው የሚሰማው? ሐሙስ አይደል? የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ወንበር ደገፍ ብሎ እያንኮራፋ ነው። ነይ ባክሽ፣ እግሬም ደክሞኛል።"

ኪኑዮ አንዴ ወደ ጣቢያው አንዴ ወደ ሱሺ ቤቱ አየች። አዲሶቹን ጥርሶቿን በምላሷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ። "እሺ፣ አንድ ሳህን ብቻ" አለች።

በሩ ሲከፈት የቤቱ ሠራተኞች በሙሉ በአንድ ድምፅ "እንኳን ደህና መጡ!" ብለው ጮኹ። ኪኑዮ ደነገጠች። እንዲህ በሆታ የተቀበላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ለእያንዳንዳቸው በየተራ ጎንበስ እያለች እጅ ነሳች፤ ለሱሺ ሠሪዎቹ፣ ለአሳላፊዋ፣ ለገንዘብ ተቀባዩ። መጨረሻ ላይ በር አጠገብ ለቆመው በካርቶን ለተሠራው የቢራ ማስታወቂያ ሰውዬም እጅ ነሳች።

"እሱ ካርቶን ነው" አለች ቶሜኮ።

"ፈገግ ሲል ዝም ልበለው?"

ተቀመጡ። ቤቱ መሐል ሞላላ ባንኮኒ አለ። በባንኮኒው ላይ ቀበቶው ይዞራል፣ ከውስጥ ሦስት ሱሺ ሠሪዎች ቆመው ሩዝ ይጨብጣሉ፣ ከውጭ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ይበላል። ሳህኖቹ ከወጥ ቤቱ መስኮት ወጥተው መጀመሪያ በእነኪኑዮ ፊት ያልፋሉ፤ ከዚያ ጥጉ ላይ ተጠምዝዘው ወደ ማዶኞቹ ይሄዳሉ። ቀይ ቱና መጣ። የባለ ብዙ ክንዱ ስኩዊድ ነጭ ሥጋ መጣ። ጅራቷን ቀጥ ያደረገች ሽሪምፕ መጣች። ኪኑዮ ሁሉንም በዓይኗ እየተቀበለች በዓይኗ ሸኘች። እንደ ልጅ እግሯን ታወዛውዛለች፤ ወንበሩ ከፍ ስለሚል መሬት አይደርስላትም።

"አንሺ እንጂ! እያየሽው ልትጠግቢ ነው?" አለች ቶሜኮ።

"ይቺን እንቁላል አየሻት? ሦስተኛ ዙሯ ነው።"

"እና?"

"ማንም አላነሳትም።"

"እና?"

"ታሳዝናለች!" አለችና ኪኑዮ እንቁላሏን አነሳቻት። ቀጥሎ ሩዙ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለ የዱባ ጥቅል መጣ፤ እሱንም አዝናለት አነሳችው። ከዚያም ዘመድ እንደሌለው ብቻውን የሚዞር አንድ የኪያር ጥቅል።

"ኪኑዮ፣ ይሄ ምግብ ቤት ነው፤ የዕርዳታ ድርጅት አይደለም!"

ይሄኔ ነው ሳልመኑ ብቅ ያለው። ብርቱካንማ ነው፤ ነጫጭ ሰንበር አለው። በላዩ ላይ በስሱ የተቆረጠ ሽንኩርትና ማዮኔዝ ተደርጎበታል። ኪኑዮ ቀኝና ግራዋን አየች። እጇን ሰደደች፣ መለሰች፣ እንደገና ሰደደች። ሳህኑ ሊያልፋት ሲል ልክ እንደ ገበያው ዘመኗ ቀልጠፍ ብላ ያዘችው።

በአዲሶቹ ጥርሶች ነከሰችው። ወይ መንከስ! ጥርስም አላስፈለገውም፤ እንዲሁ ቀለጠ። ቅባቱ ምላሷ ላይ ተዘረጋ፣ ሽንኩርቱ ቀርጨጭ አለ፣ ማዮኔዙ ተከተለ። ዓይኗን ጨፈነች።

"አመመሽ እንዴ?" አለች ቶሜኮ ደንግጣ።

"ቶሜኮ።"

"አቤት?"

"አርባ ስምንት ዓመት!"

ከዚህ በኋላ የነገሩ ልጓም ተበጠሰ። ሳልመን በመጣ ቁጥር እጇ ከዓይኗ ይቀድማል። ዋሳቢ በሚሉት አረንጓዴ ማቃጠያ፣ ያለ ዋሳቢ፣ በእሳት የተለበለበ፣ አይብ የለበሰ። ቶሜኮም ቢራ አዘዘች። ሁለቱ ሴቶች በሆነውም ባልሆነውም ይስቃሉ፤ ሶያ ሶሱ ጠብ ሲል ይስቃሉ፣ ሻይ ሲያቃጥላቸው ይስቃሉ።

ኪኑዮ ስድስተኛውን የሳልመን ሳህን ስታስቀምጥ ቀና አለች። ከማዶ፣ በሁለት ሱሺ ሠሪዎች ትከሻ መካከል ሰማያዊ ቆብ ታያት። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ቆብ ነው። ከቆቡ ሥር ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች አሉ። እነዚያን ጆሮዎች ደግሞ ሳምንት ሳይዘላቸው አርባ ስምንት ዓመት ስትጠርጋቸው ኖራለች።

የምግብ ዝርዝሩን ብድግ አድርጋ ፊቷን ከለለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ዝም በይ። አትዪ። አትዪ አልኩሽ! ኢዋዞ ነው።"

ቶሜኮ አየች። ቢራው በአፍንጫዋ ሊወጣ ደረሰ። "ልክ ነሽ! ግን ምን እየበላ ነው?"

ኪኑዮ ከዝርዝሩ ጠርዝ በአንድ ዓይን አጮለቀች። ኢዋዞ ፊት ሳህን ተከምሯል። እየበላ ያለው ዓሣ አልነበረም፤ ሩዝ ላይ የተቀመጠ በቆሎ በማዮኔዝ ነው። ቀጥሎ ሩዝ ላይ የተጋደመ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ አነሳና እንዲሁ ጎረሰው። ያ የወደቡ ኩሩ ሰው፣ ያ "ዓሣ ያልቀረበበት ማዕድ ማዕድ አይደለም" የሚለው ሰውዬ ጉንጩን ነፍቶ በደስታ እያኘከ፣ በጣቱ ጉልበቱ ላይ ዜማ ይመታል። ወዲያው አንገቱን አስግጎ የሆነ ነገር ይጠብቅ ጀመር።

የሚጠብቀው ከወጥ ቤቱ መስኮት ወጣ፤ ክሬም ካራሜል የሚሉት የወተትና የእንቁላል ጣፋጭ ነው። በትንሽ ብርጭቆ፣ አናቱ ላይ ቡናማ ስኳሩ እያብረቀረቀ፣ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ኪኑዮ ባሏን አየች፣ ክሬም ካራሜሉን አየች፤ እጇን ዘርግታ አነሳችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ቶሜኮ በሹክሹክታ።

"እኔ ነኝ ቀድሜ የተቀመጥኩት።"

ሁለተኛው መጣ፤ አነሳችው። ማዶ ያለው ሰውዬ የቀበቶውን ጥግ ደጋግሞ ያያል። እንቁላል ይመጣል፣ ስኩዊድ ይመጣል፣ ክሬም ካራሜል አይመጣም። በመጨረሻ ወፍራሙን ሱሺ ሠሪ ጠራው።

"ሞሪያሱ፣ ዛሬ ክሬም ካራሜል አልሠራችሁም እንዴ?"

"እንዴት አንሠራም አባባ? አሁን ሁለት ለቀናል እኮ።"

"ታዲያ የት ገቡ?"

ሞሪያሱ ዞር ሲል ኪኑዮ ፊት ሁለት ክሬም ካራሜል፣ ከዝርዝሩ በላይ ደግሞ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ "እባክህ!" የምትል አሮጊት አየ። ሃያ ዓመት በዚህ ባንኮኒ የሠራ ሰው ነው፤ የደንበኛ ምሥጢር መጠበቅ ያውቃል። ፊቱን እንደ ግድግዳ አድርጎ ዞረ። "እሱማ ይገርማል" አለ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ "አንድ ክሬም ካራሜል ለአባባ ኢዋዞ!" ብሎ ጮኸ።

ኢዋዞ በዚህኛው አልቀለደም። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ባህር ላይ ሆኖ የመረቡን ተንሳፋፊዎች እንደሚቆጣጠረው ቀበቶውን ይከታተል ጀመር። ክሬም ካራሜሉ ከመስኮቱ ወጣ፤ አየው። ከሞሪያሱ ሰፊ ጀርባ ኋላ ገባ። ኢዋዞ ጠበቀ። ከሞሪያሱ ጀርባ ቱና ወጣ። ሽሪምፕ ወጣች።

"ጠፋ!" ብሎ ጮኸ ኢዋዞ። "ዓይኔ እያየ ጠፋ!"

ኪኑዮ ሦስተኛውን ክሬም ካራሜል ከሁለቱ አጠገብ አስቀመጠች፤ ከዚህ በላይ ግን አልቻለችም። መጀመሪያ እንደ ማንቆርቆሪያ በአፍንጫዋ አፏጨች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ፈነዳች። ዝርዝሩ ከእጇ ወደቀ፣ ግንባሯን ባንኮኒው ላይ ደፍታ በመዳፏ እየደበደበች ሳቀች፤ ቶሜኮም አብራ ሄደች። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያቸው።

ኢዋዞ እንደቆመ ደረቀ። ያንን ሳቅ ጭጋግ በሸፈነው ጠዋት ከጀልባ ላይ ሆኖ ከወደቡ ጫጫታ መካከል ለይቶት ያውቃል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ቆቡን እስከ አፍንጫው አወረደ።

"አንተ ሰውዬ!" አለችው ኪኑዮ እንባዋን እየጠረገች ከማዶ። "ስብሰባው እንዴት ነው?"

"...ደህና ነው" አለ ከቆቡ ሥር።

"የዛሬው አጀንዳ ምንድን ነው?"

ኢዋዞ ፊቱ የተከመሩትን ሳህኖች አየ። ማምለጫ የለም። "በቆሎ" አለ።

ሱሺ ሠሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ኢዋዞ ሳህኖቹን ደራርቦ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ባንኮኒውን ዞሮ መጣና ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ወዲያው ግን የእሷን ሳህኖች አየ።

"ቆይ ቆይ። አንቺስ? የጥርስ ሐኪሙ እዚህ ነው የሚሠራው?"

"ጥርሴን እየሞከርኩ ነዋ።"

"በምን?"

ኪኑዮ ሳህኗን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኢዋዞ አንድ ጣቷን ቀስ አድርጎ አነሳ። ብርቱካንማ ቁራጭ ወለል አለ።

"ሳልመን!"

"ሳልመን ነው" አለች አገጯን ቀና አድርጋ።

"ስንት?"

"ሦስት።"

"ስድስት ነው" አለች ቶሜኮ። "ሦስቱን ሳህን ከእኔ ሳህኖች ሥር ደብቃቸዋለች።"

ኢዋዞ አንዱን ክሬም ካራሜል ወደ ራሱ ሳበና በማንኪያ ነካ ነካ አደረገው።

"የዛሬ ስድስት ዓመት ነው" አለ። "የጀልባውን ሞተር ዕቃ ልገዛ መጥቼ ዝናብ ያዘኝ። ለመጠለል ገባሁ። በቆሎ ሲያልፍ አየሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ዓሣ ነው የምበላው ኪኑዮ፤ አንድ ቀን ሌላ ነገር ልብላ ብዬ ነው።"

"ስድስት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ! ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? አንቺ ጠዋት ተነስተሽ መነጽርሽን አድርገሽ ከዓሣው አጥንት በወረንጦ ትለቅሚልኛለሽ። አንድ አጥንት እንኳ አስቀርተሽብኝ አታውቂም። እንዲህ የምታደርግልኝን ሴት ሥጋ አማረኝ እንዴት እላታለሁ?"

ኪኑዮ አየችው። ጉንጩ ላይ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ተለጥፋለች። በጣቷ አነሳችለት። ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አለ፤ ግን እሷ ኪኑዮ ናት፤ ሙቀቱ ሳይቆይ ሳቅ ሆኖ ወጣ።

"እኔ እኮ አንድ ቀን ዓሣ ካጣህ የምትሞት ይመስለኝ ነበር!"

"እኔስ አንቺ ዓሣ ካልቀቀልሽ የምትሞቺ ይመስለኝ ነበር!"

"በል እንግዲህ ሁሉንም አውጣው" አለች። "ክረምት ክረምት በራሱ ጥቁር ቀለም ዘፍዝፌ በማሰሮ የማስቀምጠውን ስኩዊድስ?"

ኢዋዞ አንገቱን ደፋ። "እሱንማ ሲጀመርም አልወደው።"

"እኔም አልወደውም! ይሸተኛል! ለአንተ ብዬ ነው የምሠራው!"

"ታዲያ በየዓመቱ ማሰሮውን ማነው የሚጨርሰው?"

ሁለቱም አሰቡ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ዞሩ። ቶሜኮ የቢራ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ትንሽ ቅመሺ እያልሽ ስለምትሰጪኝ ነዋ" አለች። "እንዳታቆሚ! በፈጠረሽ እንዳታቆሚ! ከዚያ በላይ የምወደው ነገር የለም!"

ያን ቀን ሦስቱም እስኪበቃቸው በሉ። ኢዋዞ ሚስቱ ከያዘችው ሳልመን ትንሽ ቁራሽ ቀምሶ ለረጅም ጊዜ አኘከው። "የውጭ አገር ሰው ነው፤ ግን ክፉ አይደለም" አለ። ሞሪያሱ ደግሞ ለኪኑዮ የክረምቱን ትልቅ ዓሣ፣ ቡሪ የሚሉትን፣ ቆርጦ አቀበላት። እሷ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችውና "ይሄ የትናንት ጠዋት ነው፤ ከሰሜን በኩል የመጣ። ጥሩ ነው፤ ግን ቢላህን ሳለው" አለችው። ሞሪያሱ ቢላውን ስሎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ስትገባ "መምህራችን መጡ!" ይላል።

በቤታቸውም ነገር ተለወጠ። ረቡዕ በሥጋ የተሠራ ካሪ ሆነ፤ እሑድ ኢዋዞ ራሱ እንቁላል ይጠብሳል፣ ያሳርረዋል፣ በኩራት ይበላዋል። ሐሙስ ሐሙስ በአንድ ባቡር ይሄዳሉ። ትልቋ ልጃቸው ይህን በስልክ ስትሰማ "አባዬ ታሟል እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

በሚቀጥለው የፀደይ ወራት ኢዋዞ ሰባ አምስት ሞላውና ከጀልባው ወረደ። የመረቡ አለቃ ጎንሺሮ፣ ድምፁ እንደ ጀልባ ሞተር የሚንደቀደቅ ሰውዬ፣ የስንብት ምሳ እንጋብዝህ አለው። "የት ይሁን? የፈለግኸውን ምረጥ።"

ኢዋዞ እግሩን እያየ ተናገረ። ጎንሺሮ ሁለት ጊዜ አስደገመው።

እናም አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ዘጠኝ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ግማሾቹ የጎማ ቦት ጫማቸውን እንደተጫሙ፣ ሰልፍ ሠርተው ሱሺ ቤቱ ገቡ። ኪኑዮ ከፊት፣ ቶሜኮ ከኋላ። "እንኳን ደህና መጡ!" የሚለው ጩኸት ሲነሳ ሰዎቹ ባህር ላይ እንደለመዱት በአንድነት "ኦ!" ብለው መለሱ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። መጀመሪያ ሁሉም ኩራት ይዟቸው እጃቸውን አጣጥፈው ዓሦቹን ብቻ ተቹ። ይሄ ቀጭን ነው፣ ይሄ በረዶ ነክቶታል። ኪኑዮ ሳልመኗን መብላቷን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ዶሮ ጥብስ አነሳ። ሌላው ድንች ጥብስ። ጎንሺሮ ወዲያና ወዲህ ገላመጠና፣ ወደ ኪኑዮ ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ በሚንደቀደቀው ድምፁ በሹክሹክታ ልጠይቅ አለ፤ ሹክሹክታው ግን መንገድ ድረስ ተሰማ፦

"እማማ ኪኑዮ፣ ያ ቸኮሌት ኬክ ሲያልፍ ማንሳት ይቻላል? ወይስ ለልጆች ብቻ ነው?"

ኪኑዮ መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ቀደማት።